ደም ውስጥ ካልሲየም ሞልቶ አጥንት ለምን ይሰበራል?

ጥያቄዋን ባጭሩ ላስቀምጠው። ጠያቂዋ ዱባይ ነው የምትኖረው።

«እናቴ 58 ዓመቷ ነው። እኔ ነፍስ ሳላውቅ ጀምሮ እንቅርት አላት። ከሁለት ወር በፊት በጣም ከሳች፣ ልቧ በኃይል ይመታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። ባሕር ዳር ሄዳ ስትመረመር የታይሮይድ ሆርሞንሽ በዝቷል ተባለችና ፒቲዩ እና ፕሮፕራኖሎል ጀመረች። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ለሽንት ስትወጣ ግቢ ውስጥ አዳለጣት። በእጇ ስትመክት አንጓዋ ጋ ተሰበረ፣ በጄሶ ታስሯል። ደሟ ሲታይ ካልሲየም 10.9፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ 310 ሆነ። ፋርማሲ ያለው ልጅ ለአጥንቷ ካልሲየም ትውሰድ ይላል። ጎረቤታችን ደግሞ ያ 310 የጉበት ነው፣ መድኃኒቱ ጉበቷን እየበላ ስለሆነ ታቁም ትላለች። የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ፣ ካልሲየም ልላክላት? መድኃኒቱንስ ታቁም?»

እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። በስልክ እናትን ማስታመም ከባድ ነውና መልሱን አላዘገይብሽም። ካልሲየሙን አሁን አትላኪ። ሆርሞኑን የሚቀንሰውን ፒቲዩንም በጎረቤት ምክር አያቁሙ። ሁለቱም ምክሮች የመጡት እናትሽን ከሚወዱ ሰዎች ነው፤ አሁን ባሉበት ሁኔታ ግን ሁለቱም ሊጎዷቸው ይችላሉ። ምክንያቱን በደንብ ላስረዳሽ፣ ነገ ሌላው ሌላ ምክር ይዞ ሲመጣ እንዳትደናገጪ።

አጥንት አንዴ ከተሠራ በኋላ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ይመስለናል። ዕድሜ ልኩን ግን እየፈረሰ ይሠራል። ሁለት ዓይነት ሴሎች አሉ። አንደኛው አሮጌውን አጥንት በአሲድና በኢንዛይም እያሟሟ ይቆፍራል። ሁለተኛው ከኋላው እየተከተለ ጉድጓዱን ይሞላል፤ መጀመሪያ የፕሮቲን ንጣፍ ያነጥፋል፣ ከዚያ ካልሲየምና ፎስፌት ቀስ በቀስ እዚያ ላይ ይረጋሉ። ቁፋሮው የሳምንታት ሥራ ነው። መሙላቱ ግን ወራት ይፈልጋል። በጤነኛ አዋቂ ሰው አንዱ ዙር ተጀምሮ እስኪያልቅ 200 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ የተቆፈረው በልኩ ስለሚሞላም አጥንቱ አይጎድልም።

እንቅርት ሆኖ የሚያብጠው የአንገት ዕጢ ታይሮይድ ይባላል፤ የእሱ ሆርሞን ሲበዛ ይሄ ዙር ወደ ግማሽ ገደማ ያጥራል። ቲ3 የሚባለው ሆርሞን ገንቢው ሴል ውስጥ ገብቶ ራንክል የተባለ ፕሮቲን በብዛት እንዲያወጣ ያደርገዋል፣ ቆፋሪዎቹን የሚቀሰቅሳቸው ደግሞ እሱ ነው። ቁፋሮው በየቦታው ይጀመራል። ገንቢዎቹም አርፈው አልተቀመጡም፣ እነሱም ይሮጣሉ፤ ነገር ግን ንጣፍ ማንጠፍና ማዕድን ማርጋት በተፈጥሮው ጊዜ የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ አንዱ ጉድጓድ ሳይሞላ ሌላው ይቆፈራል። የታማሚዎችን የአጥንት ናሙና በአጉሊ መነጽር የለኩ ተመራማሪዎች በአንድ ዙር በተቆፈረበት ቦታ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ አጥንት ሳይመለስ እንደሚቀር አይተዋል። ይሄ ለወራት፣ አንዳንዴም ሳይታወቅ ለዓመታት ሲደጋገም ምን እንደሚተርፍ አስቢው። እናትሽ ደግሞ 58 ዓመታቸው ነው፣ የወር አበባ ከቆመ ቆይቷል። ቆፋሪዎቹን ሲገታ የነበረው ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞንም የለም። ሁለት ነገር ተደራረበባቸው።

ይሄ አዲስ ግኝት አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም ፎን ሬክሊንግሃውዘን እ.ኤ.አ. በ1891 በታይሮይድ መብዛት የሞተች አንዲት ወጣት ሴት አጥንቶቿ ትል የበላቸው መስለው እንዳገኛቸው ጽፎ ነበር። ያኔ ሆርሞኑን የሚቀንስ መድኃኒት አልነበረም። የፒቲዩ ቤተሰብ የሆኑት መድኃኒቶች ሥራ ላይ የዋሉት በ1940ዎቹ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ዓይነት አጥንት ማየት ብርቅ ሆኗል። ብርቅ ያደረገው እንግዲህ ጎረቤታችሁ ይቁም ያሉት የመድኃኒት ዓይነት ነው።

አሁን ወደ 10.9 እንምጣ። በአብዛኛው ላብራቶሪ የካልሲየም ጣሪያ 10.5 ሚሊግራም በዴሲሊትር አካባቢ ነው፣ ስለዚህ የእናትሽ ትንሽ አልፏል። ይሄ ካልሲየም ከየት መጣ? ወተት አልበዛም፣ ክኒን አልተወሰደም። ከራሳቸው አጥንት ነው የመጣው። ጎተራው ሥር የፈሰሰ እህል ስላየሽ ጎተራው ሞልቷል አትዪም፣ ቀዳዳ አለ ትያለሽ እንጂ። ታይሮይድ ከበዛባቸው ሰዎች እስከ 20 በመቶ በሚሆኑት ካልሲየም እንዲህ ከፍ ብሎ ይገኛል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን በጥቂቱ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ተከታተዪ፣ የጥያቄሽ መልስ ያለው እዚህ ነው። አንገት ውስጥ ከታይሮይድ ጀርባ ፓራታይሮይድ የሚባሉ አራት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ፤ ሥራቸው የደም ካልሲየምን መጠበቅ ነው። በደም ውስጥ ካልሲየም ሲበዛ እነሱ ሆርሞናቸውን ይቀንሳሉ። ያ ሆርሞን ሲቀንስ ኩላሊት ካልሲየምን መመለሱን ይቀንስና በሽንት ይለቀዋል። ቫይታሚን ዲን ወደሚሠራው ቅርጹ የሚለውጠው ሂደትም ይዳከማል፣ ስለዚህ አንጀት ከምግብ የሚስበው ካልሲየም ይቀንሳል፣ ቀሪው በሰገራ ይወጣል። እንግዲህ ከአጥንት የወጣው በሽንት ይሄዳል፣ የተበላውም በወጉ አይገባም። ይሄ ሁሉ የሚሆነው ሰውነት ካልሲየም በዝቷል ብሎ ስለሚያምን ነው።

አሁን በዚህ ላይ የካልሲየም ክኒን ብንጨምር ወደ አጥንት አይሄድም። ቁፋሮው ስላልቆመ የሚቀመጥበት የለውም። በደም ያለውን ከፍ ያደርጋል፣ ሽንት ውስጥ ያለውን ይጨምራል፣ ሆድ ያደርቃል፣ የኩላሊት ጠጠርም ሊያመጣ ይችላል። ቫይታሚን ዲ ያለበት ከሆነ ደግሞ የባሰ ሊገፋው ይችላል። ስለዚህ ለአጥንታቸው የሚያስፈልገው የመጀመሪያ መድኃኒት ታይሮይዱን የሚያወርደው ነው፣ ማለትም ያ ፒቲዩ። ካልሲየም ጊዜው ይመጣል፣ ዝቅ ብዬ እነግርሻለሁ።

ስለ ውድቀታቸው የጻፍሽው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሰው አልፎት ይሄዳልና። «ሌሊት ለሽንት ስትወጣ» ብለሻል። በደምና በሽንት ካልሲየም ሲበዛ ኩላሊት ውኃ መያዝ ያቅተዋል፣ ሽንት ይበዛል፣ ሰው ሌሊት ሁለቴ ሦስቴ ይነሳል። የታይሮይድ መብዛት ራሱም ሽንት ያመላልሳል። ሽንት ቤቱ ደግሞ ግቢ ጥግ ነው፣ መብራት ላይኖር ይችላል፣ መሬቱ እርጥብ ነው። በዚያ ላይ ይሄ በሽታ ጡንቻ ይበላል፤ በተለይ የጭንና የዳሌ ጡንቻን። አንድ ነገር ወንድምሽ ወይም አብሯቸው ያለ ሰው እንዲያይልሽ አድርጊ። እናትሽ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ይቀመጡ፣ ከዚያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ሳይደገፉ ይነሱ። ጭናቸውን ሳይዙ ወይም ወደ ፊት ሳይንደረደሩ መነሳት ካቃታቸው ጡንቻቸው ተጎድቷል ማለት ነው። እንደዚህ ያለ ሰው ሲያዳልጠው ራሱን አይመልስም። ስለዚህ እስኪያገግሙ ሌሊት ብቻቸውን አይውጡ፣ ወይም መኝታ ቤት ፖፖ ይኑር፣ መብራት ይደረግ፣ ሸርተቴ ጫማው ይቅርና ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ይገዛ። ካልሲየም ልትልኪበት ያሰብሽው ሰው ጥሩ ጫማና የእጅ ባትሪ ቢይዝልሽ ይሻላል። ከልቤ ነው። የዳሌ አጥንት ስብራት ከእጅ አንጓ ስብራት በጣም ይከፋል፣ እሱን ነው አሁን የምንከላከለው።

ወደ 310 ልለፍ። አልካላይን ፎስፋቴዝ ከጉበትም ከአጥንትም ይወጣል። አጥንት የሚገነቡት ሴሎች ሲሠሩ ይለቁታል። ታይሮይድ የበዛበት ሰው ላይ ሳይታከምም ከፍ ይላል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ሕክምናው ሲጀመር በመጀመሪያዎቹ ወራት እንደገና ሊጨምርና ታይሮይዱ ከተስተካከለ በኋላ እንኳ ለወራት ከፍ እንዳለ ሊቆይ መቻሉ ነው። ምክንያቱ ደስ የሚል ነው፤ ቆፋሪዎቹ ረገብ ሲሉ ገንቢዎቹ የተረፈውን ጉድጓድ መሙላት ይቀጥላሉ። በዚያ ላይ የሚድን ስብራትም ይጨምረዋል። እናትሽ ሦስቱም አላቸው። እኔ ያን ቁጥር ሳይ መጀመሪያ የማስበው አጥንት ነው።

ጎረቤታችሁ ግን ከባዶ ተነስተው አልተናገሩም፣ ይሄንንም ልነግርሽ ይገባል። ፒቲዩ አልፎ አልፎ ጉበትን ይጎዳል፣ አንዳንዴም በከባዱ። መለየት የሚቻለው ግን በግምት ሳይሆን በምርመራ ነው። ኤስጂፒቲ፣ ኤስጂኦቲ እና ቢሊሩቢን የሚባሉት የጉበት ምርመራዎች ይታዩ፤ ጋማ ጂቲ የሚሠራ ላብራቶሪ ከተገኘ እሱም። ጋማ ጂቲው ደህና ሆኖ ሌሎቹም ልክ ከሆኑ 310ው የአጥንት ነው። ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ፣ ሽንታቸው እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ ምግብ ጠልቷቸው ካስመለሳቸው፣ ወይም ቀኝ ጎናቸውን ካመማቸው ክኒኑን አቁመው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም አብረው ከመጡም እንደዚሁ፤ ፒቲዩ ነጭ የደም ሴልን ሊያጠፋ ስለሚችል ወዲያው የደም ቆጠራ ያስፈልጋል፣ ጉንፋን ነው ተብሎ አይታለፍ። እነዚህ ምልክቶች ከሌሉ ግን ማቆም አደጋ ነው። ስብራት ላይ ያለ ሰው፣ ሰውነቱ የተደናገጠ ሰው፣ የታይሮይድ መድኃኒቱን ድንገት ሲያቋርጥ ሆርሞኑ በአንድ ጊዜ ሊነሳበት ይችላል፤ ኃይለኛ ትኩሳት፣ መቃዠት፣ የልብ ምት አልቆጠር ማለት። ያ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ካልሲየም ከፍ ያለው በታይሮይድ ነው ብለን ዓይናችንን ጨፍነን መቀመጥ የለብንም። የፓራታይሮይድ ሆርሞን ምርመራ አሠሩ። ታይሮይዱ ከሆነ ምክንያቱ ያ ሆርሞን ዝቅ ብሎ ይገኛል፣ ከላይ እንዳልኩሽ። ካልሲየም ከፍ ብሎ እሱም ከፍ ካለ፣ ወይም እንኳ መሐል ላይ ከሆነ፣ ፓራታይሮይዱ ራሱ ታሞ ይሆናል ብለን እንጠረጥራለን፤ ሁለቱ በሽታዎች አንድ ሰው ላይ ይገጣጠማሉ። ፎስፌትም ርካሽ ፍንጭ ነው፤ በታይሮይድ ሲሆን ልክ ወይም ከፍ ያለ ነው፣ በፓራታይሮይድ ሕመም ዝቅ ይላል። ካልሲየምን በደም ውስጥ የሚሸከመው ፕሮቲን፣ አልቡሚንም አብሮ ይለካ፣ ምክንያቱም የከሳ ሰው አልቡሚኑ ስለሚቀንስ እውነተኛው ካልሲየም ከተጻፈው ሊበልጥ ይችላል። የፓራታይሮይዱ ሆርሞን ዝቅ ብሎ፣ ታይሮይዱም ከተስተካከለ በኋላ ካልሲየሙ አልወርድ ካለ ደግሞ በእኛ አገር ሳንባ ነቀርሳን፣ የአጥንት መቅኔ ካንሰርን፣ ሌሎችንም መፈተሽ ግድ ይላል። እናትሽ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዱ እንደሆን ጠይቂልኝ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለው የሚያሸና ክኒን ካልሲየም በኩላሊት እንዳይወጣ ስለሚይዝ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። ለጨጓራ የሚታኘኩ አንዳንድ ክኒኖችም ካልሲየም ናቸው።

ስለ ፕሮፕራኖሎሉ። የልብ ምቱን፣ መንቀጥቀጡን፣ ጭንቀቱን በቀናት ውስጥ ያረጋጋል፤ ጥሩ መድኃኒት ነው። ግን ሆርሞኑን የሚያወርደው ፒቲዩው ነው። በጣም የማዝነው እዚህ ላይ ነው፦ ታማሚው ልቡ ሲረጋጋለት ዳንኩ ብሎ ፒቲዩውን ይተዋል፣ ወይም ስለተወደደ በቀን አንዴ ያደርገዋል፣ አጥንቱ ግን ውስጥ ውስጡን መቆፈሩን ይቀጥላል። አጥንት ሲሳሳ አያምም። የሚያሳውቀው ሲሰበር ነው። በግማሽ መታከምም ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ 13 ጥናቶችንና ከ70 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ትንተና፣ ቲ4 የሚባለው የታይሮይድ ሆርሞን ልክ ሆኖ ቲኤስኤች (ታይሮይድን የሚያዘው፣ ታይሮይድ ሲበዛ የሚወርደው የአንጎል ሥር ዕጢ ሆርሞን) ብቻ ከ0.1 በታች የሆነባቸው ሰዎች የዳሌ ስብራት ዕድላቸው ከሌላው በ60 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ አግኝቷል። ቲ4 ልክ ሆኗልና ይበቃል አይባልም ማለት ነው። ለጊዜው ግን ቲኤስኤች ሕክምና ከተጀመረ በኋላ ለወራት ዝቅ ብሎ ሊቆይ ስለሚችል በመጀመሪያ የምንከተለው ቲ4ን እና ቲ3ን ነው፣ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ። ሁለት ወር ሞልቷቸዋል፣ ስለዚህ ምርመራው አሁን ይደገም፤ መጠኑ ይጨመር ወይ የሚለው በዚያ ይወሰናል።

ጾም ከሆነ ክኒኑን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚያዘገዩ እናቶች ብዙ ናቸው። ፒቲዩ በቀን ሁለቴ ሦስቴ ተከፋፍሎ የሚወሰደው ቶሎ ከሰውነት ስለሚወጣ ነው። የንስሐ አባታቸው መድኃኒት እንዳይወስዱ አይከለክሏቸውም፣ ያነጋግሯቸው። ምግብ ላይ ለጊዜው ምንም አይቀነስ፣ ወተቱንም ጎመኑንም ይብሉ፤ የከሱ ሰው ናቸው። የምከለክለው የካልሲየም ክኒኑን ነው። ታይሮይዱ ተስተካክሎ ካልሲየሙ ልኩ ላይ ሲመጣ ደግሞ ገንቢዎቹ ሴሎች ብዙ ካልሲየም ስለሚፈልጉ በቀን እስከ 1,200 ሚሊግራም መድረስ አለብን። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ገደማ አለው። በጾም ወራት ወተትም አይብም ስለሌለ ጎመን፣ ጤፍ እና ሰሊጥ ላይ እንበረታለን። የጤፍ ዱቄት በ100 ግራም ከ150 ሚሊግራም በላይ ካልሲየም አለው፣ ማቡካቱም ካልሲየሙን የሚይዘውን ፋይቴት ስለሚቀንስ ይጠቅማል። ሰሊጥ ከነልጣጩ ከሁሉም ይበልጣል። ሽሮ ላይም ሆነ ቂጣ ላይ ሰሊጥ መጨመር የለመዱ ከሆነ እሰየው።

እጃቸው በጄሶ ከታሰረ ጥሩ ነው። እባካችሁ ቶሎ ይዳን ተብሎ ወጌሻ ዘንድ ተወስዶ አይታሽ፣ በቀርከሃም አይታሰር። የሳሳ አጥንት ነው፣ ጣቶቹም ደም ሊያጡ ይችላሉ። ጄሶው ውስጥ ሆነው ጣታቸውን በየሰዓቱ ያንቀሳቅሱ።

ቆሞ ከመውደቅ ብቻ የሚመጣ ስብራት፣ በዚህ ዕድሜ፣ የአጥንት መሳሳት ምልክት ነው። ዴክሳ የሚባለው የአጥንት ጥግግት መለኪያ በየከተማው የለም፤ አዲስ አበባ መምጣት የሚችሉበት ጊዜ ካለ ይሠራ፣ ግን ለሱ ተብሎ ሌላው ሕክምና አይዘግይ። ከተሠራም ከዳሌና ከወገብ ሌላ ያልተሰበረውን እጅ ክንድ እንዲያዩላቸው ጠይቁ፤ የታይሮይድ መብዛት ከሁሉ በላይ የሚያጠቃው ጠንካራውን የውጭ ቅርፊት ነው፣ ያ ደግሞ ክንድ ላይ በደንብ ይታያል። ታይሮይዱ ሲታከም የአጥንት ጥግግት በመጀመሪያው አንድ ሁለት ዓመት በግልጽ ይመለሳል። ወጣት ላይ ብዙ ጊዜ ያለ ተጨማሪ መድኃኒት ይበቃል። የወር አበባ ካቆሙ እናቶች ላይ ግን ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ስለሚችል፣ ስብራትም ስላጋጠማቸው፣ ሐኪማቸው ቆፋሪዎቹን የሚገታውን አሌንድሮኔት የሚባል ክኒን ሊያዝ ይችላል። በሳምንት አንዴ 70 ሚሊግራም፣ ጠዋት በባዶ ሆድ በአንድ ብርጭቆ ውኃ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሳይተኙና ሳይበሉ። ቡና እንኳ ይቆይ። ቫይታሚን ዲ በጣም ያነሰ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይስተካከላል።

የእናትሽ እንቅርት ለብዙ ዓመት የኖረ ስለሆነ ብዙ እብጠት ያለበት ዓይነት ይመስለኛል፤ አልትራሳውንድ ያረጋግጠዋል። አዮዲን በጎደለበት አካባቢ ያደጉ እናቶች ላይ በጣም የተለመደ ነው። የገበታ ጨው ላይ አዮዲን መጨመር በደንብ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፣ የእናትሽ እንቅርት ግን ከዚያ በፊት የበቀለ ነው። እንዲህ ያለ እንቅርት ውስጥ ራሳቸውን ችለው ሆርሞን የሚያመርቱ እብጠቶች ይኖራሉ፣ ፒቲዩ ያስተኛቸዋል እንጂ አያጠፋቸውም። ሲቆም ይመለሳሉ። ስለዚህ የዘላቂው መፍትሔ ጉዳይ፣ ቀዶ ሕክምና ወይም የአዮዲን ጨረር፣ ከአሁኑ ከሐኪማቸው ጋር ይነሳ። አዮዲን ያለበት ቫይታሚን ወይም የባሕር አረም ክኒን ለእንቅርት ጥሩ ነው ተብሎ ቢነገርሽ እንዳትልኪ፣ ሆርሞኑን ሊያባብሰው ይችላል።

ካልሲየም የሚያስፈልግበት ጊዜ ይመጣል ያልኩሽ እዚህ ጋ ነው። ታይሮይዱ በቀዶ ሲወጣ ቁፋሮው በአንድ ጊዜ ይቆማል፣ ገንቢዎቹ ግን እንደተራቡ ነው፤ ከደም ውስጥ ካልሲየም፣ ፎስፌትና ማግኒዚየም ይጎትታሉ። በዚያ ላይ በቀዶው ጊዜ እነዚያ ትንንሽ ፓራታይሮይዶች ሊነኩ ይችላሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ካልሲየም ይወርዳል። ከንፈር ዙሪያና ጣት ጫፍ መደንዘዝ፣ የእጅ መኮማተር፣ ቁርጥማት ይመጣል። ያኔ ካልሲየምም የሚሠራው ቫይታሚን ዲም በግድ ይሰጣል፣ አንዳንዴ በደም ሥር። አስቀድሞ ታይሮይዱን በመድኃኒት አስተካክሎ፣ ቫይታሚን ዲን ሞልቶ መግባት ይሄን በጣም ያቀልለዋል፤ የፒቲዩው ወራት ለዚያም ነው። ከቀዶው በኋላ ሌቮታይሮክሲን የሚባለውን የሚተካ ሆርሞን ከጀመሩ ደግሞ መጠኑ ከበዛ ያው አጥንት መብላቱ እንደገና ይጀምራል፤ በዓመት አንዴ እንኳ ቲኤስኤች ይለካ። ካልሲየምና ሌቮታይሮክሲን ደግሞ አብረው አይወሰዱም፣ በመካከላቸው አራት ሰዓት ይሁን።

ፀጉራቸው እየረገፈ ስለሚሆን የፀጉርና የጥፍር ቫይታሚን ልላክ ብለሽ ታስቢ ይሆናል። ብዙዎቹ ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን በብዛት አለባቸው፤ ባዮቲን በብዙ ማሽኖች ላይ የታይሮይድ ምርመራን ያሳስታል፣ ቲኤስኤችን ዝቅ፣ ቲ4ን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ከላክሽ ከምርመራ ቢያንስ ሁለት ቀን በፊት ያቁሙት፣ ባይላክ ደግሞ ይሻላል። ታይሮይዱ ሲረጋ ፀጉሩ በራሱ ይመለሳል። አንቺም ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ የምትሠሪ ከሆነ፣ የዱባይ ፀሐይ ደጅ እያለች የቫይታሚን ዲሽ መጠን ወርዶ ሊሆን ይችላልና አስለኪው።

ለወንድምሽ የምትነግሪው እንግዲህ ይሄ ነው። በዚህ ሳምንት ፍሪ ቲ4፣ ቲ3፣ ካልሲየም፣ አልቡሚን፣ ፎስፌት፣ ክሬያቲኒን (የኩላሊት ምርመራ)፣ የጉበት ምርመራዎቹ፣ የደም ቆጠራ እና የፓራታይሮይድ ሆርሞን። የመጨረሻው ባሕር ዳር ካልተሠራ ናሙናው ወደ አዲስ አበባ የሚላክበት ላብራቶሪ ይጠየቅ። ውኃ በደንብ ይጠጡ። ማስመለስ፣ ከፍተኛ የሆድ ድርቀት ወይም ግራ መጋባት ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅ። ውጤቱ ሲመጣ ካልሲየሙን፣ አልቡሚኑን፣ ፎስፌቱንና የፓራታይሮይድ ሆርሞኑን አንድ ላይ ጻፊልኝ፤ አንዱ ለብቻው ብዙ አይነግረኝም።